ቶሎሙሽ ሲሞት እኔ ባይዛክ አታን ገደልኩ

በመንደራችን በኮክ-ጃር ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ሲመጣ ትከሻ ያለው ሰው ይጠራል። ክብር የሚጠይቅ ነገር ሲመጣ ሽበት ያለው ይጠራል። እኔ ከሁለቱም የለሁበትምና የምጠራው ለሠርግ ብቻ ነው፤ እሱም ሥጋው ተበልቶ አልቆ እንግዳው ማዛጋት ሲጀምር። «ሱዩን የታለ? ይምጣና ያስቀን» ይላሉ። ስለዚህ በዚያ የመጋቢት ጠዋት የመንደራችን ሽማግሌዎች አለቃ ባይዛክ አታ፣ አባባ ባይዛክ እንደ ማለት ነው፣ በዘንጋቸው በሬን ሲደበድቡ አንድ ነገር ብቻ ታየኝ። ስለ ንፍገታቸው ያወራሁት ደርሷቸዋል።

«አታ፣ እኔ አላልኩም!» አልኩ በሩን ሳልከፍት።

«ምኑን?»

«የተባለውን።»

«ክፈት አንተ ከንቱ! ቶሎሙሽ ሞተ።»

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ የሽማግሌ ሥራ ነው። ዙሪያ ጥምጥም ተሂዶ፣ ስለ ደረቀ ወንዝ ተወርቶ፣ ስለበረረ ጭልፊት ተወርቶ፣ ሰውየው ከግራም ከቀኝም ተደግፎ፣ ነገሩ ቀስ ብሎ እንደ በረዶ ውሃ እየሰረገ ነው የሚገባው። ለእኔ ግን በተዘጋ በር፣ ስድብ ተመርቆበት ደረሰኝ። ቀልደኛ ሰው ሲያዝን አይቶ የሚያውቅ ስለሌለ ማንም አይዘጋጅለትም።

ቶሎሙሽ እኩያዬ ነበር። በአንድ ዓመት ተወልደን፣ በአንድ አግዳሚ ተምረን፣ በአንድ ቀን ለውትድርና ተጠራን። እኩያ ማለት ያለ ቅጣት የምትሰድበው ሰው ነው። ወንድምህን ብትሰድብ ትጣላለህ፤ እኩያህን ካልሰደብክ ግን ታሟል ይሉሃል። ለምርመራ ወደ ናሪን ከተማ ስንወርድ እኔ መንገዱን ሙሉ ለአገሬ እንዴት እንደምሞት ስደሰኩር፣ እሱ ከጎኔ ተቀምጦ የእናቱን የገብስ ጠላ ከጀሪካን ይጋት ነበር። ክብደቱ አይሞላም ብለው እንዳይመልሱት ነው። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ሐኪሙ «ሞልቷል» አለው።

«ልውረድ?» አለ ቶሎሙሽ እግሮቹን ገጥሞ።

«ቆይ፣ ቁመትህን ልለካ።»

«ዶክተር፣ ቁመቴ ይጠብቃል። ሌላው ነገር ግን አይጠብቅም!»

ያን ዕለት ወደ ጓሮ የሮጠውን ሩጫ በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ አልደገመውም። እሱን ተቀበሉት። እኔን ዓይኔን አይተው «በሩ በዚህ በኩል ነው» አሉኝ። ልሞትላት የነበረችው አገር ያለ እኔ ምንም ሳትሆን ሰነበተች።

እሱ ግዴታውን ሲጨርስ እዚያው ቀረ። ድንበር ላይ፣ ዛፍ በማይበቅልበት ነፋስ ግን እንደ ልቡ በሚበቅልበት ኬላ፣ ሃምሳ አለቃ ሆኖ የቅኝት ፈረሶችን ይጠብቅ ነበር። ሚስቱና ልጆቹ ከተራራው ሥር ባለችው የወታደር ሰፈር ይኖራሉ። በየፈቃዱ ወደ እናቱ ወደ ካሊፓ አፓ፣ እማማ ካሊፓ እንደ ማለት ነው፣ ሲመጣ መንደሩ ሁሉ ግቢያቸው ይሰበሰብና ጉሮሮውን ጠርጎ ይጠብቃል፤ ወታደር መጥቷል፣ ወሬ ይኖራል።

«እሺ ቶሎሙሽ፣ እዚያ እንዴት ነው?»

«ይበርዳል።»

«ሌላስ?»

«ምግብ ቤቱ አዲስ ሰው መጥቷል። ሾርባው ላይ ጨው ያበዛል።»

በቃ። ይህን ብሎ የእናቱን ኩበት ሊከምር ይሄዳል። በጎችን እንኳ ሲነዳ እንደ ጓድ ያሰልፋቸዋል፤ በጎቹም ከእኔ ይልቅ እሱን ይሰማሉ። እኔ ታዲያ በወሬ ያደግሁ ሰው፣ ይህ ሁሉ የደንብ ልብስ ያለ ታሪክ ሲባክን እያየሁ ዝም ልበል? እሱ ወደ ኬላው በተመለሰ ማግስት ሱቅ በር ላይ ቆሜ ጀመርኩ። ቶሎሙሽ ኮንትሮባንዲስቶችን በገደል አፋፍ ብቻውን አሳዶ ያዘ። ቶሎሙሽ በረዶ ተንዶበት በማንኪያ ቆፍሮ ወጣ። ቶሎሙሽ ተኩላ በባዶ እጁ አነቀ። በሚቀጥለው ፈቃዱ የመንደሩ ሕፃናት ተሰልፈው ጠበቁት።

«ተኩላ አንቀሃል አሉ። እውነት ነው?»

ቶሎሙሽ በሕፃናቱ ራስ ላይ አሻግሮ ወደ እኔ አየ። እኔ ሰማዩን ማየት ጀመርኩ።

«ተኩላው ሽማግሌ ነበር» አላቸው። «ደግሞም አዝኜ ለቀቅኩት።»

ማታ ግን ለብቻችን ስንሆን «ሱዩን፣ ስለ እናትህ ስትል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከትንሽ እንስሳ ጋር አጋጥመኝ» ብሎኛል።

አሁን እንግዲህ እንዴት እንደሞተ ልንገራችሁ። እኔ በወሬዬ ጀግና አድርጌ ስንቴ ለሞት አድርሼ የመለስኩት ሰው፣ ከጓዶቹ ጋር መረብ ኳስ ተጫውቶ፣ አሸንፎ፣ «ሻይ አምጡልኝ» ብሎ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሻዩ ሲመጣ እሱ የለም። ልቡ ነው አሉ። አርባ እንኳ አልሞላውም። በሕይወቱ አንድም ቀን ልቤ ብሎ አያውቅም፤ ብሎ ቢሆን እኔ ለመንደሩ አወራ ነበር። እንዲህ ያለ ሞት እኔ አልፈጥርለትም። ሱቅ በር ላይ ባወራው ማንም አያምነኝም።

ባይዛክ አታ በሩ ላይ ቆመው ዘንጋቸውን ደረቴ ላይ አሳረፉ። «ስማኝ። ሽማግሌዎቹ ከላይኛው ሰፈር እስኪመጡ፣ ሴቶቹም እስኪሰባሰቡ ጊዜ ይወስዳል። ካሊፓ ብቻዋን ናት። ባሏ የሞተ ጊዜ ብቻዋን ሰምታ ምድጃው ላይ ወድቃ እንደነበር ታስታውሳለህ። እጇ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ነው። ዛሬ ይህ አይደገምም። ሄደህ አጠገቧ ትቀመጣለህ። ማንም እንዳይገባ፣ እሷም ስልክ እንዳታነሳ።»

«ምን ልበላቸው አታ?»

«እንደ ወትሮህ ቀልድ!»

«አልችልም።»

«ዝም ካልክ ታውቃለች። አንተ ዝም ብለህ ማን አይቶህ ያውቃል?»

እውነታቸውን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ያለ ቦታው ስቀልድ «ዝም በል» የሚለኝ ሕዝብ፣ ዝም ማለት ባማረኝ በአንዱ ቀን «ቀልድ» አለኝ።

ካሊፓ አፓ ወለሉ ላይ ተቀምጠው የበግ ሱፍ ይፈትሉ ነበር። ስልካቸው መስኮቱ ላይ ነበርና፣ ሰላምታ ስሰጥ በእጄ ዳብሼ አነሳሁና ድምፁን አጥፍቼ የተዘረጋልኝ ፍራሽ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩበት። በዚህ ብልሃቴ ትንሽ ኮራሁ።

«አንተ ውሸታም፣ ምን አመጣህ በጠዋት?» አሉኝ። «ሚስትህ አባረረችህ?»

«አባርራኝ ቢሆን ደስ ብሎኝ ዘፍኜ እመጣ ነበር አፓ።»

ሳቁ። ጎሽ ሱዩን አልኩ በልቤ፣ ቀጥል። ቀጣዩን ቀልድ ብፈልግ የለም። ዓይኔን ጨፍኜ የምለው ሁሉ፣ የሼሁና የአህያው፣ የአማቴና የፍየሉ፣ ሁሉም ጠፋ። ያገኘሁትን ጀመርኩ፤ መሐል ላይ ስደርስ ፍየሉ የማን እንደሆነ ረሳሁ።

«ምነው ዛሬ ቀልድህ እንደ ከረመ ዳቦ ደረቀ?» አሉኝ አተኩረው እያዩ።

በዚህ ጊዜ ከሥሬ ስልኩ መንዘር ጀመረ። ድምፁን ማጥፋቴን እንጂ መንዘሩን ማን አስታውሶት! የሰማ ዘመድ ሁሉ ይደውላል፤ ፍራሹ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል።

«ከሥርህ ምንድነው የሚያጉረመርመው?»

«ሆዴ ነው አፓ።»

«ሆድህ ወደዚያ ወርዷል እንዴ?»

«ከራበው ቆይቷል፤ ተስፋ ቆርጦ ወርዶ ነው።»

አንጀታቸው እስኪቆስል ሳቁ። እንባቸውን በመሐረባቸው ጠርገው ዳቦና ቅቤ አመጡልኝ። «ይሄንንማ ቶሎሙሽ ሲመጣ እነግረዋለሁ» አሉ። «ለበዓል እመጣለሁ ብሎኛል።»

እኔም ሳቅሁ። በአፌ የያዝኩት ዳቦ እንደ ሱፍ ሆኖ አልዋጥ አለኝ፤ እየሳቅሁ አላመጥኩት፣ እያላመጥኩ ሳቅሁ። ካሊፓ አፓ «ቀስ በል፣ ማንም አይቀማህም» እያሉ ጀርባዬን መቱኝ። የልጃቸውን ሞት እያወቅሁ ጀርባዬን እሳቸው ይመቱልኛል።

ይህም ያልፍ ነበር፣ መኪናው ባይመጣ። ባይዛክ አታ ጎረምሶቹን ክቡን የሱፍ ድንኳን መኪና ላይ ጭነው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ እንዲቆዩ አዝዘዋቸው ነበር። ሾፌሩ ግን ሌላ ሥራ ነበረበትና ቸኮለ። የድንኳኑን እንጨት ከነክብ አናቱ ከፍ አድርጎ ጭኖ፣ በካሊፓ አፓ መስኮት ፊት ለፊት አልፎ፣ አጥራቸው ሥር አቆመ።

በበጋ ቢሆን ድንኳኑ ለሠርግ ነው ይባላል፣ ወደ ግጦሽ ነው ይባላል። በመጋቢት፣ በረዶው ቀልጦ ጭቃው ጉልበት ድረስ ሆኖ ሳለ፣ ክብ ድንኳን የሚተከለው ለአንድ ነገር ብቻ ነው።

ካሊፓ አፓ ሱፉን አስቀመጡ። «ማን ሞተ?»

አሁን ብልህ ሰው ቢሆን «እኔ እንጃ» ይላል። ወይም «ላጣራ» ብሎ ወጥቶ መኪናውን ያስነሳል። እኔ ግን ጥያቄ ሲመጣ መልስ ሳላዘጋጅ አፌ የሚከፈት ሰው ነኝ። መንደሩን በልቤ አንድ ጊዜ ዞርኩት። ማን ቢሞት ማንንም አያስደነግጥም? ማን ዕድሜ ጠግቧል? ማን ራሱ በየክረምቱ «ይቺ የመጨረሻዬ ናት» ይላል?

«ባይዛክ አታ» አልኩ።

«ውይ!» አሉ ካሊፓ አፓ ፊታቸውን ይዘው። «ትናንት እኮ ከሾፌሩ ጋር ሲጨቃጨቁ አየኋቸው!»

«ጭቅጭቁ ነው የጎዳቸው።»

«ታዲያ ድንኳኑ ለምን እዚህ መጣ?»

«የእሳቸው ግቢ ጭቃ ነው አፓ።»

ውሸት ጉድጓድ ነው፤ እኔ ደግሞ በአካፋ ሳይሆን በትራክተር ነው የምቆፍረው። ከዚህ በኋላ የሆነውን ማንም የኮክ-ጃር ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባ ነበር፣ ከእኔ በቀር። ካሊፓ አፓ የመንደራችን አልቃሽ ናቸው። እሳቸው ሙሾ ያላወረዱለት ሰው በደንብ እንደሞተ አይቆጠርም። ሞት ሲሰሙ ቁጭ የሚሉ መሰለኝ? ወዲያው ሳጥን ከፍተው ጥቁር ካባቸውን አወጡ፣ መሐረባቸውን አሰሩ።

«አፓ፣ ይቀመጡ፤ ገና ነው፤ ገና ሬሳውን አላጠቡም።»

«ሟቹ ልጅ የላቸውም፣ ማን ያለቅስላቸው? ዞር በል ከበሩ።» ከዚያ መሐረቡን እያጠበቁ ቆም አሉ። «ቆይ ግን... ምን ብዬ ላልቅስላቸው? ስለ ደግነታቸው ልበል?»

እንደ ልማዴ «ሰው ይስቃል አፓ» አልኩ።

«ስለ ጀግንነታቸው?»

«ፈረሳቸው ጥሩ ነው። ስለ ፈረሳቸው ይበሉ።»

«የሞተው ፈረሱ ነው እንዴ!» ብለው ገፍተውኝ ወጡ።

ከኋላቸው ያለ ጫማ ሮጥኩ። አጥሩ ሥር ጎረምሶቹ ድንኳን እያወረዱ ካሊፓ አፓን በጥቁር ካባ ሲያዩ «ተነግሯቸዋል ማለት ነው» ብለው አንገታቸውን ደፉ። አንዱ ይባስ ብሎ እንባው መጣ። ካሊፓ አፓም በባይዛክ አታ ይህን ያህል መወደድ ተገረሙ መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጀመሩ፦

«ተራራዬ ተናደ፣ ጥላዬ ሄደብኝ፣
ለመንደሩ ሁሉ ዋርካው ወደቀብኝ...»

ልክ በዚህ ጊዜ ዋርካው ከማዕዘኑ ዞሮ መጣ። ባይዛክ አታ የክብር ካባቸውን ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ስለ ወንዙና ስለ ጭልፊቱ ሊሉት ያዘጋጁትን ንግግር በከንፈራቸው እያጠኑ፣ ሽማግሌዎቹን አስከትለው መጡ። ሙሾውን ሲሰሙ ቆሙ።

«ካሊፓ፣ ልጄ፣ ማንን ነው የምታለቅሺው?»

«እርስዎን!» አሉ ካሊፓ አፓ።

በሌላ ቀን ቢሆን መንደሩ ይህን ዓመት ሙሉ ይስቅበት ነበር። እኔም ሱቅ በር ላይ ቆሜ ካባውን አረዝመው፣ ዘንጉን አወፍረው ነበር። ማንም አልሳቀም። ካሊፓ አፓ በሕይወት ያሉትን ባይዛክን አዩ። ከኋላ የቆሙትን ሽማግሌዎች አዩ። ከሽማግሌዎቹ ኋላ የመጡትን ሁለት ብርቱ ሴቶች አዩ፤ አንዷ በጣሳ ውሃ ይዛለች፤ ለሚወድቅ ሰው ነው። ያን ሰልፍ እሳቸው ያውቁታል፤ ራሳቸው በውስጡ ስንት ቤት ሄደዋል። ወደ አጥራቸው ዞረው ድንኳኑን እንደገና አዩት።

«እርስዎ ካልሞቱ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

ባይዛክ አታ አፋቸውን ከፈቱ። ወንዙም ጭልፊቱም ጠፋባቸው። «ካሊፓ... ወንዝ... አየሽ ወንዝ...» ብለው ቀሩ።

ካሊፓ አፓ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ተናገር።»

«አፓ፣ ሽማግሌዎቹ...»

«ጠዋቱን ሙሉ ስትዋሸኝ ነበር። አሁን ንገረኝ።»

ሴቶቹ ግራና ቀኝ ደረሱላቸው፤ ክንዳቸውን ያዙ። እኔ በባዶ እግሬ ጭቃ ውስጥ ቆሜያለሁ። ወሬ ነጋሪ ሆኜ ነው ያደግሁት፤ ከአፌ ያልወጣ ወሬ በመንደሩ የለም። ይህ ግን እንደ ድንጋይ ከብዶ ነው የወጣው።

«ቶሎሙሽ ነው አፓ።»

አልጮሁም። አልወደቁምም። «ተኩሰውት ነው?» አሉ።

እዚህ ላይ የለመድኩት ነገር ሁሉ ምላሴ ላይ መጣልኝ። በረዶው፣ ገደሉ፣ ኮንትሮባንዲስቶቹ። ጀግና አድርጌ ልሰጣቸው እችል ነበር፤ ያምኑኝም ነበር። ግን ያ ሰው ተኩላውን እንኳ በምሕረት የለቀቀ ሰው ነው፤ የማያውቀውን ሞት ልጫንበት?

«አይደለም። መረብ ኳስ ተጫውቶ፣ አሸንፈው፣ ሻይ አምጡልኝ ብሎ ተቀመጠ። ልቡ ነው።»

«ሻዩን ጠጣው?»

«አልደረሰለትም አፓ።»

ያኔ ነው ወደ መሬት ያዘነበሉት። ሴቶቹ ግን ይዘዋቸው ነበር፤ ጭቃው ላይ አልወደቁም፤ እሳት ላይም አልወደቁም። ቢያንስ ይህን አልኩ በልቤ። ደግፈው ወደ ጎረቤት ቤት ሊያስገቧቸው ሲወስዷቸው ግን ቆሙና አንገታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«ሱዩን... ወተት ጥጄ ነው የወጣሁት። እንዳይገነፍል።»

ሽማግሌዎቹ ድንኳኑ በሚተከልበት በኩል ተሰልፈው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ደንቡ «ወንድሜን! ጋሻዬን!» እያሉ ለቅሶ ጀመሩ። የእኔም ቦታ እዚያ ነበር። እኔ ግን ወተት ልጠብቅ ገባሁ። ምድጃው አጠገብ ቆሜ ድስቱን ሳየው የጠዋቱ ሁሉ ነገር አንድ ላይ መጣብኝና አለቀስኩ። አፍንጫዬ እንደ ሕፃን እየፈሰሰ፣ የሚያየኝ ሰው ሳይኖር። ሰው ፊት አልቅሼ ቢሆን መሳለቅ ይመስላቸው ነበር።

በሩ ተከፈተ። ባይዛክ አታ ናቸው። ዘንጋቸውን ያነሳሉ ብዬ ጀርባዬን አዘጋጀሁ። አላነሱም። በሩን ከኋላቸው ዘግተው ቆሙ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ጣሪያውን አዩ።

«ስለ እኔ... ምን ብላ ነበር የጀመረችው?»

«ተራራ ነዎት ብለዋል አታ። ዋርካ ነዎት ብለዋል።»

«ዋርካ?»

«የመንደሩ ሁሉ ዋርካ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እርስዎ መጡ።»

ሽማግሌው ጢማቸውን አሹ። «ትንሽ ቆየት ብዬ ብመጣ ኖሮ...» አሉና ተዉት።

በዚህ መሐል ከጎረቤት ቤት የካሊፓ አፓ ድምፅ ተሰማ። ለባይዛክ ያወረዱት ዓይነት አይደለም። ቃል የለውም፤ ረጅም አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ባይዛክ አታ ዘንጋቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ምድጃው አጠገብ ተቀመጡ፣ እንደ አጭር ሰው ሆነው።

«ሱዩን፣ አንተ ከንቱ» አሉኝ፣ «አንተ የመረጥከው ይሻል ነበር። እኔን መግደልህ ትክክል ነበር። አላህ አንተን ቢያማክርህ ኖሮ...»

«ይህን አይበሉ አታ።»

«እላለሁ። ሰማንያ ዓመት ሙሉ የጨው ቁራጭ ስቆጥር የኖርኩ ሰው እዚህ ቁጭ ብያለሁ፤ ያ ልጅ ሻዩን እንኳ ሳይጠጣ...»

እጃቸውን ያዝኩ። ቀልድም መርዶም አልቆብኝ ነበር። እንደዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ እኔ እሳቸውን እያየሁ፣ እሳቸው እኔን እያዩ ሳለ፣ ወተቱ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ከድስቱ አፍ ወጣ፣ እሳቱ ላይ ፈሰሰ፣ ቤቱ በጭስና በተቃጠለ ወተት ሽታ ሞላ።

«ወተቱ! ወተቱ ደደብ!» ብለው ባይዛክ አታ ዘለው ተነሡ። እኔ ድስቱን በባዶ እጄ አንስቼ ተቃጠልኩና ጮኽኩ። እሳቸው የክብር ካባቸውን እጅጌ በምድጃው ላይ አንሸራትተው ጠረጉ። ውጭ ያሉት ሽማግሌዎች ጩኸቴን ሰምተው «ሱዩን ምስኪን፣ ለእኩያው እንዴት ያለቅሳል» አሉ አሉ።

የቀረውን ወተት ሻይ ላይ ጨምረን አፍልተን፣ የተቃጠለ ሽታ እየሸተተ፣ ለካሊፓ አፓ ወሰድንላቸው።